ባለ አንድ ዓይኑ ሸረሪት በሮም

ሮምን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ሐውልቶቿና ስለ ፏፏቴዎቿ እንዲያወራ ይጠበቅበታል። እኔ ከሐውልቶቹ ይልቅ ስለ አንድ ሸረሪት የማወራው ይበዛል፤ ቅር የሚለው ካለ ከአሁኑ ይቅርታ ይደረግልኝ። የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። እዚያ ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ የካሪቢያን ደሴቶችን ተረት በጣሊያንኛና በአማርኛ ጎን ለጎን አድርጎ፣ ሮም ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ሊያትም አሰበና ሥዕሉን እንድሠራ ጠየቀኝ። ሠራሁ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተረቶቹን ከአያታቸው ሰምተው እንደገና የጻፉት ሴት ሥዕሎቹን አይተው እሺ ማለት አለባቸው። እሺ ካላሉ ሥራው ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከአገሩ ወጥቶ ለማያውቅ ሠዓሊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰኞ ለጉዞ ስነሣ ባለቤቴ በሻንጣዬ እጀታ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥብጣብ አሰረችልኝ። "ከሌላው እንድትለየው ነው" አለችኝ። ሥዕሎቹን ግን ለማንም ሳላምን በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያቸው አውሮፕላን ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምንጣፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ሸረሪት ነው" ስለው መጽሔቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረና እስከ ሮም ድረስ አላናገረኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ደረስን። ሻንጣ ከሚዞርበት ቦታ ቆሜ ስጠብቅ ጥብጣቡን አየሁ፣ አፈፍ አድርጌ አነሣሁ፣ ወጣሁ። ሊቀበሉኝ የመጡት እትዬ አሰገደች ናቸው። የጉለሌ ጎረቤታችን ታላቅ እህት ሲሆኑ፣ ሮም ከገቡ ልጃቸው ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ኖረዋል፤ የሚተዳደሩትም በሰው ቤት እየሠሩ ነው። በመልክ አንተዋወቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ከሩቅ ለዩኝ።

"ሞላ አንተ ነህ። እንዲህ ቱቦ ታቅፎ የሚመጣ ሌላ ሐበሻ አይኖርም" አሉና ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ።

ቤታቸው ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ወረድ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ጠባብ ስለሆነ ሻንጣው በአሳንሰር ወጣ፣ እኛ በደረጃ። ልብስ ልቀይር ብዬ ስከፍተው ቤቱን የበርበሬ ሽታ ሞላው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የቆሎ ከረጢት፣ አንዲት የሕፃን ቀሚስ። ቀለሞቼና ብሩሾቼ የሉም፤ ሱሪዬም የለም።

"በምን ለይተህ አነሣኸው?" አሉ እትዬ አሰገደች።

"በጥብጣቡ።"

"ወይ ሞላ። ከአዲስ አበባ በመጣ አውሮፕላን ጥብጣብ የሌለበት ቫሊጃ ብትፈልግ ነበር የሚሻልህ።"

ልጃቸው ሶስና ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እናትየው ሽሮውን በላስቲኩ ላይ እንዳለ አሸተቱትና "ይሄ የደህና ባለሙያ እጅ ነው፤ ባለቤቷን ማግኘት አለብን" ብለው ሻንጣውን መልሰው ዘጉት። ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንዷ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለሦስተኛዋ ስትደውል የሮም ሐበሻ በሙሉ የኔን ሞኝነት ሳይሰማ አልቀረም። ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበርና፣ ድሮ ሲሠሩላቸው የነበሩት ሲኞር ሲሞቱ ቤተሰቡ የሰጣቸውን ካፖርት አውጥተው አለበሱኝ። ሲኞሩ ረጅም ሰው ኖረዋል፤ እጄ ከእጅጌው ውስጥ ሊወጣ አልቻለም።

ከሰዓት ሶስና ማኪያቶ ልጋብዝዎ ብላ ወደ ሰፈሩ ቡና ቤት ወሰደችኝ። እኛ ዘንድ ማኪያቶ ሲባል ወተቱ ከታች፣ ቡናው ከመሐል፣ አረፋው ከላይ ሆኖ በብርጭቆ የሚመጣ፣ ጨዋታ እስኪያልቅ የሚቆይ ነገር ነው። እዚህ የመጣልኝ ለአሻንጉሊት የሚሆን ስኒ ነው፤ ጉሮሮዬን ሳያርሰው አለቀ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ይጨልጥና ይሄዳል። በእኛ ሰፈር በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ወንበር ፍለጋ ስዟዟር ሶስና "ጋሽ ሞላ፣ አልቋል እኮ፤ እንሂድ" አለችኝ።

ረቡዕ የቁርጡ ቀን ነበር። ጸሐፊዋ የሚኖሩት ባሕር ዳርቻ ኦስቲያ ስለሆነ ሶስና ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ሄደች። በሜትሮ እስከ ፒራሚዴ ጣቢያ፣ ከዚያ እነሱ ትሬኖ በሚሉት ባቡር። እኔ ባሕር ሲባል የማውቀው ጣናን ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበረ በልጅነቴ ቀለም እየበጠበጥኩለት በየደሴቱ ዞሬአለሁ። የኦስቲያ ባሕር ግን ማዶ የለውም። ነፋሱ የሲኞሩን ካፖርት እንደ ጃንጥላ ነፋው፣ ሶስናም በቀበቶው ይዛ ወደ መሬት መለሰችኝ።

ሲኞራ ዩላሊ በር ላይ ጠበቁን። አጠር ያሉ፣ ቀይ ሻሽ ያሰሩ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ናቸው። ከአንዲት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት በልጃገረድነታቸው ወጥተው ጣሊያናዊ መርከበኛ አግብተው፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ ባሕሩን ጥዬ አልሄድም ብለው እዚያው ቀርተዋል። ገና ሳንቀመጥ የተጠበሰ ዓሣ በትልቅ ሳሕን አቀረቡ። ረቡዕ ነው። ሶስና ቀስ ብላ፦

"ጋሽ ሞላ፣ ዓሣ ይጾማል እንዴ?"

"እንደ ሰዉ ነው። አባቴ ግን ይጾመው ነበር።"

ነገሩን ስትነግራቸው ቅርም አላላቸው። ዓሣውን ወደ ሶስና ገፍተው ለኔ ሌላ ሳሕን አመጡልኝ፤ እንደ ድንች የሚጠበስ ትልቅ ሙዝ ነው። ሙዝን ከፍራፍሬ ውጭ አስቤው አላውቅም፤ ሆኖም ሳሕኑን ባዶ አድርጌ ሌላ ተጨመረልኝ።

ከምግብ በኋላ ተረቱን ራሳቸው አጫወቱን። ነብር ወንዙ የኔ ነው ብሎ መንደሩን ሁሉ ውሃ ከለከለ። ሸረሪት እጅ ነሥቶ ቀረበና "ጌታዬ፣ የእርስዎ ከሆነ ታዲያ ለምን ጥሎዎት ይሄዳል? በክር ይሰሩት እንጂ" አለው። ነብሩም እውነት ነው ብሎ ከሸረሪቱ ክር ተቀበለ፤ ወንዙን አስሮ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ይጎትት ጀመር። እሱ ሲጎትት መንደሩ ከጀርባው ይጠጣል። ሲኞራ ዩላሊ ክሩን እየጎተቱ፣ ጥርሳቸውን እየነከሱ ሲያሳዩን ሶስና ማስተርጎሙን ረስታ ትስቅ ነበር፤ እኔም ያለ አስተርጓሚ ገብቶኛል።

አሁን ሥዕሎቹን ዘረጋሁ። አንድ በአንድ አዩ። ትከሻቸው አይንቀጠቀጥም። ሲጨርሱ ሸረሪቱን በጣታቸው ነክተው አንድ ነገር ጠየቁ።

"አሎራ፣ እንግዲህ..." አለች ሶስና፣ "'ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?' ይላሉ።"

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በአባቴ ሙያ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ከጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። ይሁዳ እንደዚያ ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም እንደዚያ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሕፃን ጽሑፍ ሳያነብ ማን ማን እንደሆነ በዓይን ቆጠራ ያውቃል። የአማርኛውን ተረት ሳነብ ሸረሪቱ ይዋሻል፣ ያታልላል፣ ይሰርቃል። እጄ ሌላ አያውቅምና ከጎን ሣልኩት። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ እንዲያውም በሙያዬ ኮራ ብዬ ነበር የተናገርኩት።

ሲኞራ ዩላሊ በደንብ አዳመጡኝ። "ሸረሪት ስምንት ዓይን አለው፤ ሰባቱን እርስዎ ወስደውበታል" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ትተው ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ሶስናም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስተረጉምልኝ ነበር።

"በእኛ ደሴት ነብር የለም። አያቶቻችን ከአፍሪካ ታስረው በመርከብ ሲመጡ ነብሩንም ሸረሪቱንም በአፋቸው ይዘዋቸው መጡ። እርሻው የጌታው ነው፣ ጅራፉ የጌታው ነው፣ እነሱ የነበራቸው ሸረሪት ብቻ ነው። ትንሽ ሆኖ ትልቁን በወሬ የሚያሸንፍ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ተረቱን በመጽሐፍ አገኘሁት፤ ሌሎች ሰዎች ነበሩ የጻፉት። ሸረሪቱ ሰነፍና ቀጣፊ ሆኖ፣ ከሥሩ 'ልጆች ሆይ፣ አትዋሹ' የሚል ምክር ተጽፎበታል። ቤት ሄጄ ለአያቴ ሳነብላት አለቀሰች። መጽሐፍ የጻፍኩት ያቺን ምክር ለማውጣት ነው። እርስዎ አንዲት ቃል ሳይጽፉ በዓይኑ መልሰው አስገቡብኝ።"

አፈርኩም፣ ስለ አያታቸውም አዘንኩ። እሑድ ተረቱ ለልጆች በሚነበብበት ዝግጅት ላይ ሥዕሉ መታየት ስላለበት ሲኞራ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጡኝ። "እንዲህ እንዳለ እሺ አልልም" አሉ፤ ግን የተረፈውን የተጠበሰ ሙዝ በወረቀት ጠቅልለው ከካፖርቱ ኪስ ከተቱልኝ።

በትሬኖው ስንመለስ ተጨንቄ ነበር። አዲስ ሸረሪት መሣሉ አይከብድም፤ የከበደኝ አባቴ ነው። እሱ ለውሸታም ሁለት ዓይን ሰጥቶ አያውቅም። ስንት ዘመን የሠራበትን ሕግ በአንድ ጉዞ ልሽረው ነው? እንዳልሽረው ደግሞ የሲኞራ ዩላሊ አያት ዓይኔ ላይ ይመጣሉ። ሶስና ፊቴን አይታ "ኮራጆ፣ አይዞዎት ጋሽ ሞላ። ቢያንስ አላባረሩንም" ብላ አጽናናችኝ።

ሐሙስ የሻንጣዋ ባለቤት ተገኘች። በሮም ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው፤ ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር ያሉት መንገዶች የሰፈራችን የቅዳሜ ገበያ እስኪመስሉኝ ድረስ በአማርኛና በትግርኛ ሰላምታ ሞልተዋል። እኛ ዘንድ የሚያውቁትን ሰው ላለማግኘት መንገድ ይቀየራል፤ እዚህ ለማግኘት ሲሉ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። ለተብርሃን ትባላለች፤ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ እዚህ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ የመጣች። አንድ የቅመም ሱቅ በር ላይ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሻንጣ፣ አንድ ዓይነት ጥብጣብ ይዘን ስንገናኝ መንገደኛው ቆሞ አየን።

"የእህቴ ልጆች ቀለምዎን አይተው ግድግዳ ሊቀቡበት ነበር፤ ደብቄ ነው ያቆየሁልዎ" አለችኝ። ቀጥላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ልብስዎ እኔ ጋ ነው፤ ታዲያ ይሄ ካፖርት የማን ነው?"

"የአንድ ሟች ሲኞር" አሉ እትዬ አሰገደች። "ሽሮሽን ግን ክሩን እንኳ አልፈታነውም፤ እግዜር ምስክሬ ነው።"

ለተብርሃን እዚያው መንገድ ላይ ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ላስቲክ ሽሮ አውጥታ ሰጠቻቸው። እትዬ አሰገደች አይሆንም እያሉ፣ እጃቸው ግን እየተቀበለ ነበር። ያን ዕለት ማታ የበላነውን ሽሮ ከዚህ በላይ ባላወራ ይሻላል።

ዓርብ ሙሉ ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሣልኩ። ሸረሪቱን ፊት ለፊት አዞርኩት፤ እንደ አባቴ መላእክት ትልልቅ ሁለት ዓይን ሰጠሁት። ስድስቱን ደግሞ በግንባሩ ላይ እንደ ጌጥ ደረደርኩለት። የአባቴን ሕግ እየጣስኩ እንደሆነ ግን አልረሳሁም። እትዬ አሰገደች ከሥራ ሲመለሱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ምን እንዲህ ኳልከው? ሊዳር ነው እንዴ?"

ሳቄ አመለጠኝና ብሩሹን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እጄ ቀለል አለኝ። የጾም ፓስታ በቲማቲም ሠርተው አበሉኝ፤ እኛ ጋ ፓስታን በእንጀራ እንደምንበላው ሶስና እያየችኝ በዳቦ ጠራርጌ ጨረስኩት።

ቅዳሜ እንደገና ኦስቲያ። ሲኞራ ዩላሊ አዲሱን ሸረሪት ሲያዩ ትከሻቸው ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሁለት እጃቸው ጉንጬን ያዙኝ። አበቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ሳስብ ግን ሥዕሉን መልሰው አነሡትና ነብሩን ያዩ ጀመር። ነብሩን እንደ ንጉሥ ነበር የሣልኩት፤ ወንዙ ዳር በዙፋን ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ግርማ ሞገስ ያላቸው ዓይኖች። ትልቅ አውሬ ሲሆን እጄ ከልማዱ ዙፋን ይሠራለታል።

"በአባትዎ ቤተ ክርስቲያን ክፉ ሰው ከጎን ይሣላል አላሉኝም?" ብለው ጠየቁ።

"ብያለሁ።"

"እዚህ ሥዕል ላይ ሁሉም ወደኔ ያያል። ታዲያ ክፉው የትኛው ነው? እኔ እኮ ክፉ የሌለበት ተረት አልጻፍኩም። የአባትዎ ሕግ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ፈራጁ ነው። ነብሩን ያዙሩት።"

ሶስና ይህን ስታስተረጉም እኔ ብሩሼን እየፈለግኩ ነበር። ሦስት ቀን ያስጨነቀኝ ነገር እንደ ጉም በነነ። ሕጉን መሻር አላስፈለገኝም፤ የተሳሳትኩት ማን ላይ እንደማውለው ነበር። ከእራት ጠረጴዛቸው ላይ ሳሕኑን አንሥተው ቦታ ሰጡኝ፣ ውሃ በሻይ ብርጭቆ አቀረቡልኝ። ዙፋኑን በውሃ ቀለም ሸፍኜ ሣር አደረግኩት። ነብሩን ከጎን አዞርኩት፣ ክሩን ነክሶ፣ በአንድ ዓይኑ ወንዙ ላይ አፍጥጦ። የመንደሩን ሰዎች ቀድሞም ከኋላው ሥዬአቸው ነበር፤ ጎንበስ ብለው በቅል እየቀዱ ይጠጣሉ። ድሮ ነብሩ እኛን ሲያይ እነሱ ለጌጥ የቆሙ ይመስሉ ነበር። አሁን ቀና ብዬ ሳየው ነብሩ ሊያያቸው የሚችልበት ዓይን የለውም። ተረቱ ሳይነበብ ሥዕሉ ላይ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ብሩሹን የዘፈቅኩት ሻይዬ ውስጥ ኖሯል፤ ስጠጣው ነው ያወቅኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኤስኲሊኖ ባለች አንዲት የመጻሕፍት ሱቅ ተሰበሰብን። እናቶቹ ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት፤ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው በጣሊያንኛ ይንጫጫሉ። ሲኞራ ዩላሊ ሶስና ያስተማረቻቸውን ይዘው ቆሙና "ተረት ተረት" አሉ። ልጆቹ ዝም። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ግን በአንድ ድምፅ "የላም በረት" ብለው መለሱ። ልጆቹ ዞረው እናቶቻቸውን በግርምት አዩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁ እነሱም ጮኸው መለሱ። ሲኞራ በጣሊያንኛ፣ ሶስና በአማርኛ እየተቀባበሉ ነብሩ ወንዙን ከሚጎትትበት ደረሱ። እኔም ሥዕሉን ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ድምፅ መጣ። እትዬ አሰገደች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሰው ወጥ ቤት ያሳለፉት እትዬ አሰገደች፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው ለመንደሩ ሰዎች ይናገራሉ።

"ጠጡ፣ ጠጡ፤ አያያችሁም።"

እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው። ልጆቹም ተቀብለው "ጠጡ፣ ጠጡ" እያሉ ወደ ሥዕሉ ይጮኹ ጀመር። ሲኞራ ዩላሊ ምን እንደተባለ ሶስናን ጠየቁ፤ ስትነግራቸው መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እትዬ አሰገደችን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆሞ ወደሚያዳምጠው አሳታሚ ዞረው አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

መጽሐፉ ታትሞ ጉለሌ ሲደርሰኝ ያን ገጽ ገለጥኩ። ምክር ሊጻፍበት በሚችለው ቦታ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በሁለቱም ቋንቋ "ጠጡ፣ ጠጡ፤ አያያችሁም" ይላል።